ድንኳን የገዛነው ሰው ሞቶ አይደለም

ቶሮንቶ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ ባሕር ዳር

ጋሼ፣ እኔ ከአገር ናፍቆት በስተቀር፣ ባለቤቴም ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነን። እዚህ ላይ «ደኅና ነን» ያልሁት ለወጉ ያህል አይደለም፤ እባክዎ ለእማዬ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት። ባለፈው በስልክ «ድንኳን ገዛን» ስላት መስመሩ ተቋረጠ፤ እስኪመለስ ድረስ ግቢው ውስጥ ወንበር መደርደር እንደተጀመረ ሰምቻለሁ። ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። የእውነት የሞትሁ ዕለት እንደማያሳፍሩኝ አይቻለሁ።

እርስዎም «ይህ ነገር በስልክ አይሆንም፣ በጽሑፍ አስረዳ» ስላሉ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ይኸው ልኬያለሁ። አንባቢው እርስዎ፣ አድማጯ እማዬ እንደሆነች ስለማውቅ አንዳንድ ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ አድርጌያለሁ። ኮከቡ ጋ ሲደርሱ ሳል ይበሉ፣ መነጽርዎን ይጥረጉና ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተ የለም፣ የሚዳርም የለም፣ ከቤትም አልተባረርንም። ነሐሴ 12 ቀን ማክሰኞ ቤታችንን ቆልፈን፣ የተነጠፈ አልጋችንን ትተን፣ ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ነድተን፣ ጫካ ውስጥ ሐይቅ ዳር መሬት ላይ ልንተኛ ነው። እስከ ዓርብ። ያውም ከፍለን። ለአንድ ሌሊት ወደ 50 የካናዳ ዶላር ይጠጋል፤ እባክዎ ወደ ብር አይመንዝሩት፣ ከመነዘሩትም ለራስዎ ይያዙት። በዚህ ገንዘብ የምናገኘው ቁጥር የተጻፈበት አጭር እንጨት፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ በብረት ቀለበት የተከበበ የእሳት ቦታና አንድ መኪና የምትቆምበት ጠጠር ነው። ጣሪያ የለም። ጣሪያውን ይዞ የሚመጣው ተከራዩ ነው፤ ድንኳኑም የተገዛው ለዚሁ ነው።

እርስዎ በአሰብ መንገድ ስንት ዓመት ከከባድ መኪናው ሥር ሸራ አንጥፈው እንዳደሩ አልረሳሁም። ግን ለእርስዎ አበል ይከፈልዎት ነበር፣ ጋሼ። እዚህ አበሉን የሚከፍለው ተኚው ነው፤ ከፍሎም ሲመለስ ለሥራ ባልደረቦቹ ትንኝ የነከሰውን እግሩን እያሳየ ይኩራራል።

ሐሳቡ የልጆቹ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር መምህሯ «ዕረፍቱን የት አሳለፋችሁ?» ብላ በየተራ ትጠይቃለች። የሌላው ልጅ ሐይቅ ይላል፣ ጀልባ ይላል፣ በእሳት ዳር ያየውን ኮከብ ያወራል። የእኛዎቹ «ሠርግ ሄድን፤ ከዚያ ሌላ ሠርግ ሄድን፤ ከዚያ ክርስትና» ይላሉ። ትልቋ አንድ ቀን እራት ላይ በክፍሏ ድንኳን ውስጥ አድራ የማታውቅ እሷ ብቻ እንደሆነች ስትናገር እኔና ባለቤቴ ተያየን። የእኛ ወላጆች ልጆቻቸው ጣሪያ ሥር እንዲያድሩ ለፉ፤ እኛ ደግሞ ልጆቻችን ከጣሪያ ሥር እንዲወጡ ልንለፋ ነው። የስደት ሒሳብ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚወራረደው።

የምንሄድበት ቦታ አልጎንኩዊን ይባላል። ኦንታሪዮ የሚባለው የምንኖርበት ክፍለ ሀገር ከከለላቸው ፓርኮች የመጀመሪያው ነው፤ የተከለለው በፈረንጅ 1893፣ ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ስፋቱ ከ7,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጣናን ሁለት ጊዜ ቢያስገቡበት ቦታ ይተርፋል። ስሙ ከጥንት ከአገሬው ሕዝብ የተወሰደ ነው፤ እነሱም ስለ መሬታቸው ከመንግሥት ጋር እስከ ዛሬ ይደራደራሉ። ይህን የምጽፍልዎ የመሬት ነገር ሲነሣ ጆሮዎ እንደሚቆም ስለማውቅ ነው። የምናርፍበትን ሐይቅ ደግሞ የሁለት ወንዞች ሐይቅ ይሉታል፤ ዓባይን የሚያስወጣ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ሁለት ትንንሽ ወንዞች የሚገቡበት ሐይቅ ብዙም አያስደንቅም፤ ግን አፋችንን ይዘን እንሄዳለን።

አሁን ወደ ቦታ አያያዙ ልምጣ፤ እርስዎን የሚገርምዎ ይህ ነው። ቦታ የሚያዘው ከአምስት ወር በፊት፣ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ነው። ለነሐሴ የሚተኛ ሰው በመጋቢት ይነቃል ማለት ነው። እኛም የፍልሰታን መኝታ የያዝነው በሁዳዴ፣ ውጭ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። ባለቤቴ በኮምፒውተር፣ እኔ በስልኬ፣ ትልቋ በታብሌቷ፣ ሦስታችንም ጣታችንን አንሥተን ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቅን። እንዲህ ያለ ጸጥታ የማስታውሰው ኃይሌና ቴርጋት ሲድኒ ላይ የመጨረሻውን ዙር ሲያያዙት ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ትንፋሹን የዋጠ ጊዜ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ስክሪኑ ላይ ከፊታችሁ ይህን ያህል ሰው አለ የሚል ቁጥር መጣ። እኔ የቀበሌ ሰልፍ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ሰልፍ አይበግረኝም። ግን በቀበሌ ሰልፍ ቢያንስ የፊተኛው ሰው ጀርባ ይታያል፣ ወሬ አለ፣ ድንጋይ አስቀምጠው ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። እዚህ ተሰላፊው ሁሉ በየቤቱ ፒጃማውን እንደለበሰ ብቻውን ነው፤ ማንን ገፍትሮ ይግባ?

ሲደርሰን ደግሞ ምርጫው መጣ። እያንዳንዱ ቦታ ፎቶና መግለጫ አለው፤ ጥላው ምን ያህል ነው፣ መሬቱ ሣር ነው ወይስ አሸዋ፣ ውሃው ምን ያህል ይርቃል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ከጎረቤት ዓይን መሸሸጉ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ»፣ «ደካማ» ተብሎ ማርክ የተሰጠው መሆኑ ነው። ፈረንጁ ሁሉ «ጥሩ» የተባለው ላይ ይረባረባል። ባለቤቴ መግለጫውን አንብባ ስትጨርስ «ሰው የማያየን ቦታ ሌሊት አንድ ነገር ብንሆን ማን ይሰማናል?» አለችና «ደካማ» የሚል ተፈልጎ እንዲያዝ አዘዘች። ለካ የእኛ ጠባይ ትልቅ ሀብት ነው! ሁሉ የሚሸሸውን እኛ የምንፈልግ ሆንና ለሦስት ቤተሰብ ሦስት ጎን ለጎን ቦታ አገኘን፤ ከአንዱ ሆኖ የሌላው ድስት ምን እንደያዘ ይታያል። ከሽንት ቤቱም ርቀቱን ለክተናል፤ ሌሊት ልጅ ይዞ ለመሮጥ የሚቀርብ፣ ነፋስ ሲነሣ ግን ሽታው የማይሰማ።

ሦስት ቤተሰብ እንዴት ሆነ አይበሉኝ። መጀመሪያ እኛ ብቻ ነበርን። ከዚያ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ላይ ለአንዲት ወዳጇ ነገረቻት፤ የዚያኑ ዕለት ማታ የስልክ ቡድን ተከፈተ፣ በማግስቱ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። ሕጉ በአንድ ቦታ ከስድስት ሰው በላይ እንዳያድር ይላል፤ አንድ ቤተሰብ ከሆነ ብቻ ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ክርክሩ ጦፈ። የትንሹ ልጃችን የክርስትና እናት ቤተሰብ ናት ወይስ አይደለችም? በእኛ ሕግ ናት፤ በፓርኩ ሕግ ማስረዳት ያስቸግራል። እሷ ራሷ «እኔ ቀን ቀን እመጣለሁ» አለች፤ የቀን እንግዳ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መውጣት አለበት። እንግዳ ሰዓቱ ደርሷልና ይውጡ የሚባልበት ቦታ ልጆቼን ይዤ እየሄድሁ መሆኔን እማዬ ባትሰማ ይሻላል። እዚህም ላይ ኮከብ አለ።

ስብሰባው ሦስት ርእስ ላይ ተጣበቀ፤ እንጀራ፣ ቡሄና ድብ።

እንጀራው ቶሎ አለቀ። አንዱ ወንድማችን ከቦታዎቹ አንዳንዶቹ መብራት እንዳላቸው አንብቦ መጣና የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘን እንሂድ አለ። አስቦበታል፤ ሊጡን የት እንደሚያስቀምጥ ሳይቀር ሥዕል ሠርቶ ነበር። ባለቤቴ ሥዕሉን አይታ «ጫካ ሄደን እንጀራ ከጋገርን ከቤት ለምን ወጣን?» አለች፤ ያ ርእስ በዚህ ተዘጋ። እንጀራው ተጋግሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ትልቅ ነገር ተገለጠልኝ። የካምፒንግ ሱቅ ገብቼ መንገደኛ የሚበላውን የደረቀ ምግብ አየሁ፤ በከረጢት የታሸገ፣ ውሃ ሲጨመርበት ምግብ የሚሆን፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ። በሶ እኮ ነው! በሶ በጥብጦ፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ስንት ተራራ የተሻገረ ሕዝብ ይህን ሁሉ ዘመን ካምፒንግ ላይ እንደነበር ማንም አልነገረውም።

ቡሄው ቆየ። ቀኖቹን የያዝነው ልጆቹ ሐይቁ ሳይቀዘቅዝ እንዲደርሱበት ብለን እንጂ የጾሙን ነገር ያመጣችው ባለቤቴ ናት፤ ካሌንደሩን ስታገላብጥ የምንደርስበት ማታ የችቦ ማታ፣ ማግስቱ ረቡዕ ቡሄ፣ ቅዳሜ ደግሞ የፍልሰታ ፍቺ ሆኖ ተገኘ። ወንዶቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ አበዱ። ሆያ ሆዬ በኮሚኒቲ አዳራሽ እንጂ በጨለማ፣ በጫካ፣ በእውነተኛ እሳት ዳር አይተው አያውቁም። ዱላ ቆርጠን በየድንኳኑ እንዙር አሉ። ጋሼ፣ እስቲ ያስቡት፤ ድንኳኑ ውስጥ መጽሐፉን የሚያነብ አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ አለ፤ ሰባት የሐበሻ ወንድ ልጆች በጨለማ ከበውት ዱላ መሬት እየደበደቡ በማያውቀው ቋንቋ ይጮኻሉ፤ መጨረሻ ላይ ዳቦ ይጠይቁታል። ጠባቂው ከነመኪናው የሚደርሰው ሙልሙሉ ሳይሰጥ ነው። ስለዚህ በውሳኔ ቁጥር አንድ፣ ጭፈራው ሳይመሽ በእኛ ሦስት ቦታዎች መካከል ብቻ እንዲዞር ተባለ። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው፤ እያንዳንዱ ቤት የሙልሙል ክምር ካላዘጋጀ መቼም አይወጣውም። ችቦውም ከብረት ቀለበቱ እንዳይወጣ፣ ቁመቱም ከልጅ ጉልበት እንዳይበልጥ። ችቦ ሳይሆን የችቦ ናሙና ነው።

እዚያው ላይ ሌላ ፈተና ተነሣ። የካናዳ ልጅ እሳት ዳር ሲቀመጥ ማርሽማሎ የሚባል ነጭ ስኳር በእንጨት ሰክቶ ይጠብሳል፤ ያለዚያ ካምፒንግ ካምፒንግ አይባልም። ባለቤቴ የማሸጊያውን ጀርባ አነበበች፤ ጄላቲን አለበት። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ሕፃን አዋቂ የሚጾመው ጾም ነው። ልጆቹ አለቀሱ፤ ከዚያ ትልቋ ፈልጋ ከእንስሳ ምንም የሌለበት ማርሽማሎ እንዳለ ደረሰችበት። ተገዛ። ባለቤቴ አንዱን ቀምሳ «ጾም ነው፤ ግን ይህን ያህል ለሚጣፍጥ ነገር ንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ አላድርም» ብላለች። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ሁለት አንቀጾች በሙሉ ኮከብ ናቸው፤ ለእማዬ «ስለ አየር ጠባይ ነው» ይበሏት።

ጫካው ውስጥ ጥቁር ድብ አለ። እኛን አይፈልግም፣ የሚፈልገው ምግባችንን ነው ይላል ወረቀቱ፤ ወረቀቱ እንዲህ ካለ እኔም አምናለሁ። አፍንጫው ግን የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የሚሸት ነገር ሁሉ፣ ምግብ፣ የበረዶ ሣጥን፣ ያልታጠበ ሳህን፣ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ በማይጠቀሙበት ሰዓትና ማታ ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳ አይገባም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው የሐበሻ ጓዝ አይቶ አያውቅም። እኛ ዘንድ የማይሸት ምን አለ? በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ቡናው፣ ዕጣኑ፣ የባለቤቴ ቀሚስ። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ሽታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እኔ እንጃ፤ በአፓርታማችን ከታችኛው ፎቅ እየሸተተው የሚመጣ ጎረቤት አለ። ቡናውን እንተወው የሚል ሐሳብ ግን ማንም ደፍሮ አላቀረበም። ቀን ቀን ይፈላል፤ በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ ሲኒው፣ ማጨሻው ሁሉ ወደ መኪና። ሲኒዎቹ በልጆቹ ስሊፒንግ ባግ ተጠቅልለው ስለሚጓዙ ልጆቹ መጀመሪያ የሚሰበር ነገር አውጥተው ነው የሚተኙት።

ድብ ማባረሪያ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጥ የሚረጭ ነገርም አለ። ምኑ ነው ብዬ ባነበው የሚያቃጥለው ከቃሪያ የሚወጣው ንጥረ ነገር ነው። ይህን በስብሰባው ላይ ስናገር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀጥሎም ነገሩ ከሳቅ አልፎ ወደ ውሳኔ ሊሄድ ሆነ። «የእናቶቻችን ሚጥሚጣ እያለ ለቆርቆሮ ዶላር ልንከፍል ነው?» ተባለ። አንዲት ነርስ እህታችን ነፋሱ ወደ ራሳችን ቢመለስስ ብላ ባትጠይቅ ኖሮ አንድ ኪሎ ሚጥሚጣ በጀት ተይዞለት ነበር።

ኮከቡ እዚህ ላይ አበቃ፤ ስለ ማገዶ ደግሞ እማዬ ትስማ። ማገዶ ከቤት ይዛችሁ አትምጡ ይባላል። ምክንያቱ አለው፤ ከእስያ የገባ አረንጓዴ ጥንዚዛ በእንጨት ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። በፈረንጅ 2002 ዲትሮይትና ዊንዘር አካባቢ ተገኝቶ ከዚያ ወዲህ አሽ የሚሉትን ዛፍ በሚሊዮን ጨርሷል። ስለዚህ ማገዶው እዚያው በከረጢት ታስሮ ይገዛል። ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ መስበርም ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ሰምቼ ወረቀቱን ሳገላብጥ ግን በኦንታሪዮ የክፍለ ሀገር ፓርኮች ውስጥ እስከ ዛሬ የንግድ እንጨት የሚቆረጠው በዚሁ በአልጎንኩዊን ብቻ መሆኑን አነበብሁ፤ ከሰፈሩና ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ በፈቃድ፣ በካርታ። እኔ ለጀበናዬ ጭራሮ ባነሣ ጠባቂው ይገስጸኛል፤ ኩባንያው ግን ግንዱን በከባድ መኪና ጭኖ ይወጣል። በእንጦጦ ቁልቁለት ጀርባቸው ጎብጦ ቅጠል ያወረዱ እናቶች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተኝም፤ ሕግ ሁልጊዜ ትንሿን እስር ነው የሚቆጥረው።

ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ ተክለን ሞክረነዋል። «ለስድስት ሰው» ይላል ሣጥኑ። ስድስቱ ሰዎች ጋቢ የሌላቸው፣ ሳይገላበጡ የሚተኙ ስድስት ቀጫጭን ፈረንጆች ናቸው። ለእኛ ለአምስት ከነጋቢያችን በልክ ነው፤ ትንሹን ልጅ በሩ ጋ ካደረግነው።

(ኮከብ።) ጀልባ እንከራያለን። ካኑ ይሉታል፤ ጠባብ፣ ቀላል፣ የአገሬው ሕዝብ የፈለሰፈው ነው፤ ከታንኳችን የሚለየው በደንገል አለመሠራቱና እንደ ደንገል ታንኳ ሲያረጅ በገዛ እጅዎ ሌላ አለመሥራትዎ ነው። ለተሳፋሪው ሁሉ የሕይወት ጃኬት በጀልባው ላይ እንዲኖር ሕጉ ያዛል፤ እኛ ደግሞ ሐይቁን ከሩቅ ካየንበት ጀምሮ እንለብሰዋለን። እርስዎ እንደሚያውቁት የጣና ልጅ ሆኜ መዋኘት አልችልም። እማዬ አንድ ጊዜ በጉማሬ፣ አንድ ጊዜ በቢልሃርዚያ እያስፈራራች ከዳር አሳደገችኝ፤ ጣናን የማውቀው በተከለከልሁት ልክ ነው። ልጆቼ ግን በከተማው መዋኛ ተምረዋል። ጀልባው ቢገለበጥ እነሱ ያወጡኛል የሚል ተስፋ አለኝ፤ አባት ልጁን የሚያስተምርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎም ደብቄ ነበር፤ ቶም ቶምሰን የሚባል የታወቀ ሠዓሊያቸው በ1917 በዚሁ ፓርክ ካኑ ሐይቅ በሚሉት ላይ በጀልባው ወጥቶ ሞቶ ተገኝቷል፤ እንዴት እንደሞተ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሐይቁ ሌላ ነው፣ ዘመኑም ሩቅ ነው፤ አይስጉ።

አሁን ለመጨረሻ ያቆየሁልዎን ልንገርዎ፤ ይህን የሰሙ ዕለት እርስዎም ቪዛ እንደሚጠይቁ ገምቻለሁ። በነሐሴ፣ ሐሙስ ማታ፣ በዚህ ፓርክ ሰው ተሰብስቦ ለተኩላ ይጮኻል። እውነቴን ነው። የተጀመረው በፈረንጅ 1963 ነው። ረቡዕ ማታ የፓርኩ ባለሙያዎች ወጥተው ተኩላዎቹ የት እንዳሉ በመጮኽ ይፈልጋሉ፤ ካገኙ ሐሙስ ዕለት ይለጠፋል፣ ካላገኙ ይቀራል። ሕዝቡ በመቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሆኖ ሜዳ ላይ ስለ ተኩላ ትምህርት ይሰጠዋል። ከዚያ መኪናው ሁሉ ሰልፍ ይዞ በመንገድ ቁጥር 60 ይነዳል፤ ቦታው ሲደርስ ሞተር ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ዝም ይላል፤ ባለሙያው በሁለት እጁ አፉን ከቦ «አውውው» ይላል። ደግ ቀን ከሆነ ተኩላዎቹ ከጫካው ይመልሳሉ። ሰውም ተደስቶ ቤቱ ይገባል።

እኛ በጅብ ላይ ስንጮኽ የኖርነው እንዲሄድ ነው፤ እነሱ የሚጮኹት ተኩላው እንዲመልስላቸው ነው። መጀመሪያ ሳነበው «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ብዬ ነበር፤ ኋላ ሐረር ትዝ አለኝ። ማታ ማታ ግንቡ ሥር ተቀምጦ ጅብን እየጠራ ሥጋ የሚያጎርስ ሰው ያለበት አገር ልጅ ሆኜ ፈረንጅን ማማት አላማረብኝም። እንዲያውም በፊት በዚያ ፓርክ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተኩላ ይገድሉ ነበር፤ ያን ትተው ነው ማዳመጥ የጀመሩት፤ በዚህስ አከብራቸዋለሁ። ሐሙስ ነሐሴ 14 ነው፤ እኛም እዚያው ነን። ችግሩ ዝም ማለቱ ላይ ነው። ሦስት የሐበሻ ቤተሰብ፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ በጨለማ፣ አንድ ላይ፣ ዝም። ከዕቅዳችን ሁሉ የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ትንሹ ልጅ «ሲጮኽ ብንመልስለትስ?» ብሎ ሲጠይቅ የተኩላውን ጩኸት ነው ወይስ የሰውየውን አላለም፤ እህቶቹ ግን እያለማመዱት ሳሎናችን ለሁለት ሳምንት ጫካ ሆኗል።

ዓርብ በስምንት ሰዓት ቦታውን ማስረከብ አለብን፤ ይህ ለባለቤቴ ተመችቷታል፤ ቅዳሜ ለሚፈሰከው ዶሮ ሽንኩርቱ ዓርብ ማታ መከተፍ አለበት። በእነዚያ ቀናት ስልክ አንዳንድ ቦታ ስለማይዝ ባላነሣ ለእማዬ ከወዲሁ ይንገሯት። ስትደውል የሚመልሰው ፈረንጅኛ የሚናገር መሣሪያ ነው፤ መርዶ ነጋሪ አይደለም።

እማዬን፣ አክስቴን፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይሳሙልኝ። ለእርስዎ ወፍራም ሹራብና የልብ መድኃኒትዎን በዚሁ ሰው ልኬያለሁ።

አክባሪ ልጅዎ

ማስታወሻ፦ ወንዶቹ ልጆች ለቡሄ እርስዎ የሚገምዱት ዓይነት ጅራፍ ካልመጣ ብለው እግሬን ይዘዋል። የላክሁት ሰው ሐምሌ መጨረሻ ስለሚመለስ ሁለት ቢልኩልኝ ይደርሳል። ቁመቱ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ ይጠቅልሉት፤ እንዲለሰልስ ብለው ግን ቅቤ እንዳይቀቡት፤ መኪናው ውስጥ ከጀበናው ጋር ማደሩ ነው።